በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ራም ስለ መጨመር፦ «በሻጩ ኮምፒውተር የሠራው ራም በእኔ ለምን እምቢ አለ?»

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጥ አነስተኛ ቤት አላቸው። የሚሠሩበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ሲሆን፣ ሁለት ባለ 1 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ካርድ) ይዞ በባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ይሠራል። ወርድ፣ ፎቶሾፕና ብራውዘር አንድ ላይ ሲከፈቱ ማሽኑ ስለሚንቀራፈፍባቸው አዲስ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ገዙ። «ስሰካው ኮምፒውተሩ ድምፅ እያሰማ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል» ይላሉ። «ሻጩ ጋ ወስጄው በእሱ ኮምፒውተር ላይ ወዲያው ሠራ። የድሮዎቹን ስመልሳቸው የእኔም ይነሣል። ራሙን ሳየው አንድ ጎኑ ባዶ ነው፤ ቺፕ ያለው በአንዱ ፊት ብቻ ነው፤ ግማሹ የጎደለ ይመስላል። ተታልዬ ይሆን ወይስ ማዘርቦርዴ ተበላሽቷል? እስከ ስንት ጊጋ መጨመር እችላለሁ? ለዚህ አሮጌ ማሽን ገንዘብ ማውጣትስ ያዋጣል?»

እኅቴ፣ ከላኩት ዝርዝር እንደምረዳው ማዘርቦርድዎ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) አልተበላሸም፣ ራሙም ጤነኛ ነው፣ ሻጩም አላታለለዎትም። ራሙ ለእርስዎ ማሽን ያልተሠራ በመሆኑ ብቻ ነው ችግሩ የተፈጠረው። ይህን በእርግጠኝነት እንድናገር ያደረገኝ ደግሞ እርስዎ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ምልክት ነው፦ አንድ ጎኑ ባዶ መሆኑ። ከዚራ አካባቢ ኮምፒውተር በመጠገን ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት በዚሁ ምክንያት ደኅና ማዘርቦርድ «ሞቷል» ተብሎ ሲጣል፣ ደኅና ራም «ፎርጅድ ነው» ተብሎ ጠብ ሲነሣበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁና፣ ነገሩን ረዘም አድርጌ ባብራራው ለእርስዎም ሆነ ተመሳሳይ ማሽን ላላቸው ሌሎች ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ራም የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዲዲአር ስንት (ማለትም የስንተኛው ትውልድ ራም) እንደሆነና ስንት ጊጋ እንደሆነ። ለአዲስ ማሽን እነዚህ ሁለቱ ይበቁ ይሆናል። ለእርስዎ ዓይነቱ ግን ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ያ ጊጋ በስንት ቺፕ ላይ ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው? አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4 ጊጋባይት ማለት 32 ጊጋቢት ማለት ነው። ይህ መጠን በ16 ቺፕ ላይ፣ ስምንቱ በፊት ስምንቱ በጀርባ ሆነው ሲከፋፈል፣ እያንዳንዱ ቺፕ 2 ጊጋቢት ይይዛል። በ8 ቺፕ ብቻ ሲከፋፈል ደግሞ እያንዳንዱ 4 ጊጋቢት ይይዛል። የእርስዎ አዲስ ራም ሁለተኛው ዓይነት ነው። ምንም የጎደለው ነገር የለም፤ እንዲያውም በኋላ የመጣ፣ የተሻሻለ አሠራር ነው። ፋብሪካዎች ብዙ ቢት በአንድ ቺፕ ውስጥ ማስገባት ሲችሉ የቺፑን ቁጥር ቀነሱ፣ ጀርባውም ባዶ ቀረ።

የእርስዎ ማሽን ግን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴት (ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ቺፕ) የኢንቴል ኪው45 ይባላል። በዚያ ዘመን በነበሩት፣ ኮር 2 ዱዎ የተባለ ፕሮሰሰር ባላቸው ማሽኖች፣ ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደው በዚህ ቺፕሴት ውስጥ ነው። ወደ ፕሮሰሰሩ የገባው ከዚያ በኋላ፣ ኮር አይ 3፣ አይ 5 እና አይ 7 የተባሉት ሲመጡ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ፕሮሰሰሩን ቀይሪውና ይቀበላል» ቢልዎት አይስሙት፤ ፕሮሰሰር መቀየር ይህን ችግር አይነካውም። ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም) ማደስም እንዲሁ አያድነውም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ባዮስ ማደስ ደግሞ ማሽኑን ጨርሶ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ቺፕሴቱ ለምን እንደማይቀበለው በቅርበት እንመልከተው። የራም ቺፕ ውስጡ በረድፍና በዐምድ የተከፋፈለ ነው፤ ተቆጣጣሪው አንድ መረጃ ሲፈልግ በመጀመሪያ የረድፉን ቁጥር፣ ቀጥሎ የዐምዱን ቁጥር በኤሌክትሪክ መስመሮች ይልካል። የረድፉን ቁጥር ለመላክ 15 መስመር ያለው ተቆጣጣሪ ሊጠራ የሚችለው 32,768 ረድፍ ነው። አንድ መስመር ሲጨመርና 16 ሲሆን ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ 65,536 ይደርሳል። ባለ 2 ጊጋቢቱ ቺፕ በ15 መስመር ይሠራል፤ ባለ 4 ጊጋቢቱ ግን አሥራ ስድስተኛውን መስመር ይፈልጋል። በኪው45 ዘመን የነበረው ተቆጣጣሪ ይህን አሥራ ስድስተኛ መስመር አያውቀውም። በመሆኑም ማሽኑ ሲነሣ ራሙን ለመለካት ይሞክራል፣ የሚያገኘው መልስ ከሚያውቀው ጋር አይገጥምለትም፣ በድምፅ ያስታውቅና ይቆማል። በአንዳንድ የዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች ላይ ራሙ በግማሹ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ባለ 4 ጊጋው 2 ጊጋ ሆኖ ማለት ነው። የእርስዎ ጨርሶ አልተቀበለውም። ሻጩ የሞከረበት ኮምፒውተር ኋላ የመጣና ተቆጣጣሪው ባለ 4 ጊጋቢት ቺፕ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ መሥራቱ የሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ፤ ምክንያቱም መፍትሔው ያለው እዚያ ነው። በራሙ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ማንበብ ከቻሉ ከግማሽ በላይ መንገድ ሄደዋል። ወረቀቷ ላይ በመጀመሪያ የሚያገኙት መጠኑን ነው፤ 2 ጊጋ ወይም 4 ጊጋ ይላል። ቀጥሎ አንድ ቁጥር፣ «አር» የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ኤክስ» እና 8 ቁጥር ተያይዘው ይገኛሉ። ከ«አር» ፊት ያለው ቁጥር 2 ከሆነ ቺፖቹ በሁለት ምድብ፣ ብዙውን ጊዜም በሁለት ፊት የተደረደሩ ናቸው ማለት ነው፤ 1 ከሆነ በአንድ ምድብ ብቻ ናቸው። ለእርስዎ ማሽን ባለ 4 ጊጋ ራም ሲገዙ ይህ ቁጥር የግድ 2 መሆን አለበት፣ መጨረሻውም 8። መጠኑ 2 ጊጋ ከሆነ ግን 1ም ሆነ 2 ቢል ይሠራል፤ ምክንያቱም 2 ጊጋ በ8 ቺፕ ቢከፋፈልም እያንዳንዱ ቺፕ ከ2 ጊጋቢት አይበልጥም። ባለ 8 ጊጋ ራም በየትኛውም መልኩ አይሞክሩ፤ 16 ቺፕ ቢኖረውም እያንዳንዱ 4 ጊጋቢት ነው።

ወረቀቷ ተልጣ ከሆነ ወይም ከጊዜ ብዛት ጽሑፉ ከጠፋ ቺፖቹን በጣትዎ ይቁጠሩ። ባለ 4 ጊጋ ሆኖ በሁለቱም ፊት ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 16 ቺፕ ከሆነ ይውሰዱት። በአንድ ፊት ዘጠኝ ቺፕ ከቆጠሩ ግን ያቁሙ፤ ዘጠነኛው ስሕተት ለማረም የተጨመረ ነው፣ ራሙም ከሰርቨር የወጣ ሊሆን ይችላል። የሰርቨር ራም በተለይ በወረቀቱ ላይ ከፍጥነት ቁጥሩ በኋላ «አር» የሚል ፊደል ካለበት በእርስዎ ዓይነት ዴስክቶፕ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። የእርስዎ «ዩ» የሚል መሆን አለበት፤ ለምሳሌ «ፒሲ3-10600ዩ»። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከሰርቨር የተፈቱ ራሞች በርካሽ ስለሚገኙና፣ ቅርጻቸው ከዴስክቶፑ ስሎት (የራም መሰኪያ) ጋር ስለሚገጥም ገዢውን በቀላሉ ስለሚያሳስቱ ነው። ሌላው ልዩ ዓይነት ለኤኤምዲ (የኢንቴል ተፎካካሪ የፕሮሰሰር አምራች) ማሽኖች ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ የእርስዎ ኢንቴል ስለሆነ እሱም አይጠቅምዎትም።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። 8500 የሚለው 1066 ሜጋኸርዝ፣ 10600 የሚለው 1333፣ 12800 የሚለው 1600 ማለት ነው። የእርስዎ ቺፕሴት ከ1066 በላይ አይሄድም፤ ፈጣኑን ቢሰኩለት ራሙ ፍጥነቱን ቀንሶ አብሮ ይሠራል። ለፍጥነት ተጨማሪ ብር እንዳይከፍሉ ግን ይወቁት። «ፒሲ3» ከሚለው ቀጥሎ «ኤል» የሚል ፊደል ካዩ ደግሞ በ1.35 ቮልት የሚሠራ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው የዴስክቶፕ ራም በመደበኛው 1.5 ቮልትም ስለሚሠራ ፊደሏ በራሷ ችግር አይደለችም። ሆኖም እንዲህ ያሉት ራሞች ዘግይተው የተሠሩ ስለሆኑ ብዙዎቹ ባለ ስምንት ቺፕ ናቸውና ቆጠራው እዚህ ላይ የበለጠ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ይግዙ? የእርስዎ ኦፕቲፕሌክስ 780 የቁም ወይም የጋደም ሞዴል ከሆነ አራት የራም ስሎት አለው፤ በአራቱም ላይ ባለ 16 ቺፕ ባለ 4 ጊጋ ቢሰካ እስከ 16 ጊጋ ይደርሳል። እኔ ግን ለእርስዎ ሥራ ይህን አልመክርም። ምክሬ አራት ባለ 2 ጊጋ ራም ገዝተው 8 ጊጋ እንዲያደርሱት ነው። ምክንያቴ ግልጽ ነው። ባለ 16 ቺፕ ባለ 4 ጊጋ ራም አሁን በአዲስነት ማግኘት አስቸጋሪ እየሆነ መጥቷል፤ ስለዚህም ሻጩ ዋጋውን ከፍ ሊያደርግብዎ ወይም ሳያውቅ ባለ ስምንት ቺፑን ደግሞ ሊሰጥዎ ይችላል። ባለ 2 ጊጋ ዲዲአር3 ግን ሰው ከማሽኑ እያወጣ የሚጥለው ዕቃ ሆኗል። የቢሮ ኮምፒውተሮች ሲታደሱ በመጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። ያገለገለ ቢሆንም ራም እንደ ሃርድ ዲስክ በመሽከርከር የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ ተፈትሾ ጤነኛ ከሆነ ገና ብዙ ያገለግላል። አራቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት ካልቻሉ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ገዝተው ከነባሮቹ ሁለት ባለ 1 ጊጋዎች ጋር ቢያደርጓቸው 6 ጊጋ ይሆናል፤ እሱም ለጊዜው መጥፎ አይደለም።

የገዙትን ባለ 4 ጊጋ ራም ለሻጩ ይመልሱለት። ጤነኛ ስለሆነ ለሌላ ደንበኛ ይሸጠዋል፤ በልዋጩ ባለ 2 ጊጋዎቹን እንዲሰጥዎ በሰላም ቢጠይቁት እምቢ የሚልበት ምክንያት የለም። ለወደፊቱ ደግሞ ራም ሲገዙ ማሽኑን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ሞኒተሩ ሻጩ ጋ ስላለ ሲስተም ዩኒቱን ብቻ በባጃጅ ጭነው ቢወስዱ፣ እዚያው ተሰክቶ ሲነሣ ዓይተው ይከፍላሉ። የባጃጁ ሂሳብ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከመመላለስ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኦፕቲፕሌክስ 755 እና 760 ከእርስዎ 780 ጋር በመልክ በጣም ይመሳሰላሉ፤ እነሱ የሚጠቀሙት ግን ዲዲአር2 ነው። ዲዲአር2ም ዲዲአር3ም 240 ጥርስ አላቸው፤ ርዝመታቸውም አንድ ነው። የሚለያቸው ከታች በጥርሶቹ መካከል ያለችው ቁርጥ ናት። በዲዲአር2 ላይ ቁርጧ በአንድ ፊት ያሉትን 120 ጥርሶች 64 እና 56 አድርጋ ስለምትከፍላቸው ወደ መሃል ትቀርባለች፤ በዲዲአር3 ላይ 72 እና 48 አድርጋ ስለምትከፍላቸው ወደ አንድ ጫፍ ትጠጋለች። አንድ ጊዜ የመጣልኝ ማሽን ላይ ራሙ ወደ ስሎቱ አልገባ ስላለ በኃይል ተጭነውት፣ በስሎቱ መካከል ያለችው የፕላስቲክ ግድግዳ ተሰንጥቃ፣ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ተጣመው አገኘሁ። ያን ስሎት ማዳን አልተቻለም። ዲዲአር2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ቁርጧ በተለያየ ቦታ የተደረገችው አንዱ የሌላው ቦታ እንዳይገባ ነው። ስለዚህ ራም ሲገፉት ካልወረደ መጀመሪያ አውጥተው ቁርጧን ይመልከቱ እንጂ ጉልበት አይጨምሩ።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ራሙን ከመግዛትዎ በፊት ሊወስኑበት የሚገባ ነው። የእርስዎ ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢት ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 8 ጊጋም ሆነ 16 ጊጋ ቢሰኩለት ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው የአድራሻ ክፍል ለግራፊክስና ለሌሎች ዕቃዎች ስለሚያዝ በተግባር የሚያገኙት 3 ጊጋና ጥቂት ነው። ስለዚህ 8 ጊጋ የሚያስገቡ ከሆነ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ መጫን የግድ ነው። ፕሮሰሰርዎ ኮር 2 ዱዎ ስለሆነ 64 ቢት ይቀበላል። ነገር ግን ከ32 ወደ 64 በማሻሻል መሸጋገር አይቻልም፤ ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ መጫን አለበት።

ፎርማት የሚለውን ቃል ለጽሕፈት ቤት ባለቤት በቀላሉ መናገር አልወድም። በዚያ ዲስክ ላይ የደንበኞች ውልና ማመልከቻ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፓስፖርት ፎቶዎች ይኖራሉ። ሁሉንም በሁለት የተለያየ ቦታ፣ ለምሳሌ አንዱን በውጫዊ ዲስክ ሌላውን በፍላሽ፣ ከገለበጡ በኋላ የተገለበጠውን ጥቂቱን ከፍተው ያረጋግጡ። በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች ካሉዎት ፎንቶቹንም አብረው ይገልብጡ፤ ያለዚያ ሰነዱ ተገኝቶ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀርብዎታል። ከሁሉም በላይ ግን ፕሪንተርዎንና ኮፒ ማሽንዎን ያስቡ። ባለ 32 ቢት ድራይቨር (ዊንዶውስ ፕሪንተሩን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም) በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ፕሪንተሩ የቆየ ከሆነ ባለ 64 ቢት ድራይቨር እንዳለው አምራቹ ገጽ ላይ አይተው፣ አውርደው፣ ፍላሽ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ብቻ ወደ ፎርማት ይሂዱ። ድራይቨር ከሌለው በዚያው በ32 ቢት ሆነው ሁለት ባለ 2 ጊጋ ብቻ ቢያስገቡ የሚቀበለውን ያህል ስላገኘ ተጨማሪ ወጪ ማድረግ የለብዎትም።

«ያዋጣል ወይ?» ላሉት እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። ሥራ በበዛበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። አፈጻጸሙን በሚያሳየው ገጽ ላይ ሜሞሪው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቆየ፣ በሲስተም ዩኒቱ ፊት ያለችው የሃርድ ዲስክ መብራትም ሳትጠፋ ከበራች፣ ችግሩ የራም ማነስ ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የማይገባለትን ነገር ለጊዜው ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ከወርድ ወደ ፎቶሾፕ ሲሻገሩ ማሽኑ የደነዘዘ የሚመስለው ለዚህ ነው። በ2 ጊጋ እነዚህን ሦስት ፕሮግራሞች አንድ ላይ ማሠራት በእውነቱ ማሽኑን መበደል ነው። 8 ጊጋ ሲሆን ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያዩታል።

ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ማሽኑ ግን የሚንቀራፈፍ ከሆነ ራም መጨመር አይረዳዎትም፤ የሚረዳዎት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መተካት ነው። ፎርማት ማድረግዎ ካልቀረ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቢያደርጉት ድካሙ አንድ ይሆናል። የእርስዎ ማዘርቦርድ ሳታ ሁለት (የቆየ የዲስክ ማገናኛ) ስለሆነ ኤስኤስዲው ሙሉ ፍጥነቱን ባያሳይም ከሃርድ ዲስኩ እጅግ ይፈጥናል፤ 240 ጊጋ ያህል የሚይዝ ተራ ኤስኤስዲ ይበቃል፣ የድሮው ዲስክ ደግሞ ለፋይል ማስቀመጫ ይቀራል።

ነገር ግን ከዚህ በላይ ገንዘብ እንዲያወጡበት አልመክርም። ዊንዶውስ 7 ከአምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው፤ ዊንዶውስ 10ም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኮር 2 ዱዎን አይቀበልም። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያገለገሉ ባለ 2 ጊጋ ራሞችና አንድ ኤስኤስዲ ተገቢ ወጪ ናቸው፤ ኤስኤስዲውንም ነገ ሌላ ኮምፒውተር ሲገዙ ነቅለው ይወስዱታል። አዲስ ፕሮሰሰር፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ውድ ራም ግን ለዚህ ማሽን አይገቡትም፤ ያን ገንዘብ ለሚቀጥለው ኮምፒውተር ያስቀምጡት።

አሁን ስለ አሰካኩ። ማሽኑን ያጥፉና የኤሌክትሪክ ገመዱን ከጀርባው ይንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም ገመዱ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭነው ይልቀቁ፣ የቀረው ይፈስሳል። የእኛ ከተማ አቧራ ቀላል ስላልሆነ ክዳኑን የሚከፍቱት ከቤት ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ በመንፊያ ሲያናፉት ፋኑን በጣትዎ ይዘው ያቁሙት፣ በአየር ኃይል ከመጠን በላይ እንዲሽከረከር አይፍቀዱለት። ራሙን ከመንካትዎ በፊት በእጅዎ የብረቱን ሣጥን ይንኩ፤ በሰውነትዎ ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ በዚያ ይወጣል። ራሙን ሲይዙ ዳርና ዳሩን ብቻ ይያዙ።

ያገለገለ ራም ሲሆን ወርቃማዎቹ ጥርሶች ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነገር ያገኛሉ። ንጹሕ ነጭ ላጲስ ወስደው በሁለቱም ፊት ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይሹት፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በደረቅ ብሩሽ ያራግፉና ከዚያ ይሰኩ። ከመጡልኝ «የሞቱ» ራሞች መካከል በዚህ ብቻ የተነሡ ብዙ ናቸው። በስሎቱ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለት ጆሮዎች ወደ ውጭ ይክፈቱ፣ ቁርጧን ከስሎቱ ግድግዳ ጋር ያስተካክሉ፣ በሁለት አውራ ጣቶችዎ ሁለቱን ጫፎች እኩል ይጫኑ። ጆሮዎቹ በራሳቸው ተመልሰው «ቀጭ» ሲሉ ገብቷል። አንዱ ጆሮ ብቻ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ከቀረ ራሙ ዘሟል፤ በዚያ ሁኔታ ማሽኑን አያብሩ።

አራቱንም ራም በአንድ ጊዜ አይሰኩ። በመጀመሪያ አንዱን ብቻ ከስሎቱ አጠገብ 1 ቁጥር በታተመበት ላይ ሰክተው ያብሩ። ሲነሣ ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ በሁለተኛው ይተኩት። እንዲህ አራቱንም ለየብቻ ከሞከሩ በኋላ ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንድ ዓይነት የሆኑትን አንድ ዓይነት ቀለም ባላቸው ስሎቶች ይስኳቸው፤ ሁለቱ ራሞች በሁለት መስመር ጎን ለጎን የሚሠሩት እንደዚያ ሲሆን ነው። ማሽኑ ሲነሣ የራሙ መጠን መለወጡን የሚገልጽ መልእክት ሊያሳይዎት ይችላል፤ ስሕተት አይደለም፣ ኤፍ 1 ን ተጭነው ይቀጥሉ።

መነሣቱ ግን ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ያገለገለ ራም ከሆነ መፈተሽ አለበት። ሜምቴስት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ጭነው፣ ሲነሣ ኤፍ 12 ን በመጫን ከፍላሹ ያስነሡትና ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪጨርስ ይተዉት። አንድም ቀይ መስመር ከታየ ከራሞቹ አንዱ ችግር አለበት፤ አንድ በአንድ እየለዩ ይፈልጉት። ሰው ይህን ፈተና ሌሊት አስነሥቶ ይተኛል፤ እኔ ግን ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ፣ ቤቱ በሞቀበት ሰዓት፣ ክዳኑን ገጥመው እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ደካማ ራም በሙቀት ነው የሚከዳው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አልፎ በግንቦት ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ፊት፣ ሰማያዊ ስክሪን የሚያመጣ ራም አጋጥሞኛል። ጽሕፈት ቤቱን በሚዘጉበት ቀን አንድ ከሰዓት ለዚህ ይስጡት፤ መብራት ቢጠፋ ፋይል አይጎዳም፣ ፈተናውን እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

ነባሮቹን ሁለት ባለ 1 ጊጋ ራሞች አይሽጧቸው፣ ዋጋም አያወጡም። በወረቀት ጠቅልለው ከማሽኑ አጠገብ ያስቀምጧቸው። አንድ ቀን ማሽኑ ድምፅ አሰምቶ አልነሣ ቢል ሁሉንም አውጥተው ከእነዚህ አንዱን ብቻ በ1 ቁጥሩ ስሎት ይስኩ፤ ከተነሣ ችግሩ ከአዲሶቹ ራሞች ነው፣ ካልተነሣ ግን ሲስተም ዩኒቱን ለጥገና ይውሰዱት።